ከበረዶው ስር የሰማነው ድምፅ

የእህቴ ባል ፍሉሪን ሳይቀልድ ውሎ አያውቅም። ባለፈው ክረምት አንድ ተዳፋት ፈርቼ ሁላችንንም ስላስመለስኩ «ላዲና ሰው ካስነጠሰ የበረዶ ናዳ መጣ ትላለች» እያለ የኤንጋዲን ሸለቆን ሰው ሁሉ ሲያስቅብኝ ከረመ።

ዘንድሮ ህዳር መጨረሻ ላይ ከፍሉሪን ጋር ሦስት ሆነን በበረዶ መንሸራተቻ ስኪ ወደ ተራራው ማረፊያ ቤት ወጣን። ሦስተኛችን ቤቱን የሚያስተዳድሩት እትዬ ኡርሲና ናቸው። አውሎ ነፋስ የመስኮት መዝጊያ ገንጥሎባቸው ልንጠግንላቸው ነበር። ከመነሳታችን በፊት ደረታችን ላይ ያሰርናቸውን፣ ናዳ የቀበረውን ሰው መፈለጊያ ሬዲዮዎች አንድ በአንድ ሞከሩ፤ አካፋና በረዶ መውጊያ ተጣጣፊ ዘንግ መያዛችንንም አዩ።

«የጥቅምቱ በረዶ በሰሜን በኩል ሳይቀልጥ ቀርቷል» አሉ። «ከስር እንደ ስኳር ሆኗል፤ አይያያዝም። ትናንት ነፋስ የከመረው ደግሞ ከላይ ተጋግሯል። በሸንተረሩ ነው የምንሄደው።»

እሳቸው ከፊት፣ እኛ መቶ እርምጃ ያህል ከኋላ ሆነን ወጣን። ከዛፎቹ በላይ ያለው ሜዳ ላይ ስንደርስ በረዶው ከእግራችን ስር ድንገት ዝቅ አለ። የታፈነ ድምፅ ሰማሁ፤ ፎቅ ላይ ሙሉ ጆንያ ሲጣል ዓይነት። ትርጉሙን አውቃለሁ፤ የስረኛው በረዶ ተደርምሷል፣ ተዳፋቱም ሊናድ ይችላል ማለት ነው። ፍሉሪንን ዞሬ አየሁት። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ያጠብቃል። እኔም ዝም አልኩ።

መዝጊያውን ጠግነን፣ ዳቦና የደረቀ ሥጋ በልተን ለመውረድ ስንነሳ፣ ፍሉሪን በሰሜን በኩል ያለውን ቁልቁለት በእጁ አሳየን።

«በዚህ ግማሽ ሰዓት ነው። በሸንተረሩ ስኪዬን ድንጋይ ላይ ስፍቅ ልዋል?»

«ናዳውስ?» አሉት እትዬ ኡርሲና።

«ገና ህዳር እኮ ነው እትዬ። ናዳ የሚሆን በረዶ መች ጣለና?»

ሁለታችንንም ተራ በተራ አዩን። «ስትወጡ የሰማችሁት ነገር አለ? የተደረመሰ፣ የተሰነጠቀ?»

«ምንም» አለ ፍሉሪን።

«ምንም» አልኩ እኔም።

ጥቂት አሰቡ። «እንግዲያው አንድ በአንድ። እሱ ታች ካለው ቋጥኝ ጀርባ እስኪደርስ ማንም እንዳይነቃነቅ።»

ፍሉሪን ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ተዳፋቱ ከበላዩ ተሰነጠቀ። የተጋገረው በረዶ ተሰባብሮ ይዞት ወረደ። መጀመሪያ ክንዱ ታየኝ፤ ከዚያ ምንም።

«ሬዲዮሽን ወደ ፍለጋ ቀይሪ» አሉኝ እትዬ ኡርሲና፣ ድምፃቸው ሳይለወጥ።

ናዳው ጠርጎ ባለፈው በኩል ወረድን። የሬዲዮው ጩኸት እየፈጠነ ሄደ። ርቀቱን አንድ ሜትር ሲል ተንበርክኬ በዘንጉ መውጋት ጀመርኩ፤ በአራተኛው ለስላሳ ነገር ነካ። ቆፈርን። ፊቱን ስናገኘው ከንፈሩ ጠቁሯል፣ አፉን በረዶ ሞልቶታል። እትዬ ኡርሲና በጣታቸው ጠረጉለት። ሳለና ተነፈሰ። ዘጠኝ ደቂቃ ፈጅቶብን ነበር። ከስስ በረዶው ስር ያለው ድንጋይ ግራ እግሩን ሁለት ቦታ ሰብሮታል። ሄሊኮፕተር መጥቶ ወሰደው።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄጄ ብቻችንን ስንሆን «ድምፁን ሰምቼው ነበር» አልኩት።

«እኔም» አለ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ። «አንቺ ብትናገሪ እመለስ ነበር። ዝም ስትዪ ግን... ዓመቱን ሙሉ ስቀልድብሽ ከርሜ አሁን እኔ ፈራሁ ልበል?»

ከዚያው እትዬ ኡርሲና ቤት ሄድኩ። እንጨት ሲፈልጡ አገኘኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ሰኩት።

«የቁልቁለቱን በረዶ ቆፍሬ ሳላይ እሱን መልቀቄ የኔ ጥፋት ነው» አሉ። «አንቺ ግን ዋሸሽኝ።»

«አዎ።»

«የሸለቆው ነፍስ አድን ቡድን ከሁለት ሳምንት በኋላ ይሰበሰባል። በራስሽ አፍ ትነግሪያቸዋለሽ።»

አርባ ሰው ፊት ቆሜ ተናገርኩ። ማንም አልተቆጣኝም፣ ማንም አላጽናናኝም። ፍሉሪን በክራንች መጥቶ ከፊት ተቀምጦ ነበር፤ እሱም «ምንም» ያለበት ላይ ስደርስ ቀጥሎ ያለውን ራሱ ተናገረ።