የደበሌ አስታማሚዎች

የወንጌል አማኞቹ ጸሎት ቤት ከታሸገ አራት ዓመት ሆኖታል። በ1974 ዓ.ም. ሀዋሳ ውስጥ ወንጌል የሚሰበከው በየጓዳው፣ በር ተዘግቶ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነበር። ከሰባኪዎቹ ሁሉ የሚወደደው ሸዋንግዛው ነው። ቀን ሒሳብ ያስተምራል፤ ሐሙስ ሐሙስ ታቦር ተራራ ግርጌ እትዬ ብርቅዬ ቤት ለተሰበሰቡት ይሰብካል። አንደበቱ የጣፈጠ ነው፤ እሱም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

አንድ ሐሙስ ጸሎቱ ሲያበቃ፣ ደበሌን በሽታ እንደጣለው ተወራ። ደበሌ የጸሎት ቤቱን ያሸገው የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ ነው። ባሸገ ዕለት እትዬ ብርቅዬን በጠመንጃ ሰደፍ መትቶ ክንዳቸውን ሰብሯል፤ ሸዋንግዛውንም ሦስት ሳምንት አስሮታል። አሁን ግራ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት፣ ሚስትም ልጅም በሌለበት ቤት ተኝቷል። ጓዶቹ አንዴ ጠይቀውት ቀርተዋል።

«እግዚአብሔር በር ከፈተልን» አለ ሸዋንግዛው።

በማግስቱ መጽሐፍ ቅዱሱን ኮቱ ውስጥ ሸጉጦ ሄደ። ስለ ንስሐ ግማሽ ሰዓት ያህል ተናገረ። ደበሌ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሁለተኛም ሄዶ እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው፣ «ዛሬ የመጨረሻውን ነግሬው እወጣለሁ» እያለ በንዴት መጣ።

በሩን ሲገፋ እትዬ ብርቅዬን አገኛቸው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው የደበሌን ጀርባ በሞቀ ውሃ ያጥባሉ። ጀርባው በመኝታ ብዛት ቆስሏል። ሸዋንግዛው እስከዛሬ የክፍሉን ሽታ ችሎ ተቀመጠ እንጂ፣ ከምን እንደመጣ ጠይቆ አያውቅም ነበር።

«እትዬ፣ እዚህ መምጣት ከጀመሩ ቆዩ?»

«ከሰኞ ጀምሮ።»

«ቃሉን ነገሩት?»

«አልጠየቀኝም። ያመመው ጀርባው ነው።» ያልተቃናውን ክንዳቸውን አሹት። «ይልቅ ና አግዘኝ ልጄ። ከባድ ነው፤ በዚህ እጄ ብቻዬን ላገላብጠው አልቻልኩም።»

የሸዋንግዛው ፊት ነደደ። ያን ሁሉ ሲመላለስ አንድ ቀን እንኳ «ውሃ ልስጥዎት?» አላለውም። ለካ የመጣው ሊረታው ኖሯል! ኮቱን አውልቆ እጅጌውን ሰበሰበ። የደበሌን ትከሻ ሲይዝ እስር ቤቱ ትዝ አለው። ቢሆንም አልለቀቀም።

ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ሲወጣ በየቀኑ ይመጣ ጀመር። ጢሙን ይላጨዋል፣ እትዬ ብርቅዬ የሠሩትን የዓሣ ሾርባ በማንኪያ ያጠጣዋል፣ እግሩን ያሽለታል። መጀመሪያ ጥርሱን ነክሶ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ዝናብ አስመሽቶት፣ «እስካሁን ምንም አልቀመሰም እኮ» እያለ በጭቃው ሲሮጥ ራሱን አገኘውና ተገረመ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ደበሌ በተጣመመ አፉ ተናገረ። እትዬ ብርቅዬን እያየ፣ «የመታሁት ይሄን ክንድ ነው?» አለ።

«እሱን ነው።»

«እያወቁ ነው የሚያጥቡኝ?»

«እንዴት እረሳዋለሁ? ብርድ ሲሆን እኮ ያመኛል።»

ደበሌ እንባው ወረደ። ከዚያ ወደ ሸዋንግዛው ዞረ። «መምህር፣ ያን ጊዜ የነገርከኝን አልሰማሁህም። እስቲ እንደገና ንገረኝ።»

ያ አንደበተ ርቱዕ ሰባኪ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ እንደ ልጅ እየተንተባተበ፣ ኢየሱስ እንደሚወደው ነገረው። ደበሌ ያን ቀን ፊቱን አላዞረም።

ከፋሲካ በኋላ በምርኩዝ መራመድ ሲጀምር ወደ ጸሎቱ መምጣት ፈለገ። ምእመናኑ ፈሩ። «ቢያስይዘንስ?» አሉ።

«እኔ አመጣዋለሁ፤ የመጣ ይምጣ» አለ ሸዋንግዛው።

ሐሙስ በጋሪ ይዞት መጣ። ደበሌ ደፍ ላይ ቆሞ አንገቱን ደፋ። ባሏ በእምነቱ ምክንያት ታስሮ ገና ከእስር ያልተፈታላት እታፈራሁ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ልጇን ጭኗ ላይ አነሳችና፣ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።