ከፊት የሄደው ጫማ

ቁጡ ነኝ። ከሌላ ሰው ከምትሰሙት እኔው ልንገራችሁ ብዬ ነው። አርባ ምንጭ የድንገተኛ ሕክምና ስንማር አስተማሪያችን ሲስተር ሳባ «ልክነሽ፣ እጅሽስ ወርቅ ነበር፤ ያንን አፍሽን አንድ ሰው በያዘልሽ» ይሉኝ ነበር። የላስቲኩን አሻንጉሊት ደረቱን እየተጫንኩ «ተንፍስ እንጂ፣ ምን ይጎልትሃል» ስለው ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ያልቃል። እኔ ግን የምሬን ነበር።

አምቡላንስ ላይ መሥራት ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሾፌራችን ጌዲዮን ይባላል። ፍጠን ስለው «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለኛል፤ ዕንቁላልህን ይዘህ ገደል ግባ እለዋለሁ። ማታ ላንቴ፣ እናቴ ቤት ሲያደርሰኝ ታርቀናል። እንዲህ ነው የምንኖረው።

በዚህ በምነግራችሁ ቀን ጠዋት የተጠራነው ከኦቾሎ ወዲያ፣ ሸንተረሩ ጫፍ ላይ ካለች መንደር ነው። ዕድላዊት የምትባል የሃያ ዓመት ልጅ የመጀመሪያ ልጇን ጎህ ሲቀድ ወልዳ ደሙ አልቆም አላት። ባሏ አዲስ አበባ ሽመና ላይ ነው። የሰሞኑ ዝናብ መንገዱን ስለበላው አምቡላንሱ ወንዙን መሻገር አልቻለም። ጌዲዮን መኪናውን አዙሮ እዚያው ቆመ፤ እኔ ቦርሳዬን አዝዬ ሽቅብ ወጣሁ። እነሱም በቀርከሃ ቃሬዛ ተሸክመዋት ቁልቁል እየመጡ ነበርና መሐል መንገድ ላይ ተገናኘን።

ጭጋጉ ከባድ ነበር። መጀመሪያ የሰዎቹ ትንፋሽ ተሰማኝ፣ ቀጥሎ እግራቸው፣ ከዚያ ፊታቸው አንድ በአንድ ብቅ አለ። አባያ ሐይቅ አንድ ጊዜ ከእግራችን ሥር ቀልቶ ይታያል፣ ወዲያው ይጠፋል። ማንም ድምፁን ከፍ አድርጎ አያወራም። እኔም እንቅልፍ ውስጥ ያለሁ እየመሰለኝ ጉልበቴን ጭቃው ላይ አንበረከክሁ።

ክንዷ ላይ ጉሉኮስ ተከልኩ። ማኅፀን የሚያኮማትረውን መርፌ ወጋኋት። አንዲት ጎረቤት ጉሉኮሱን ከፍ አድርጋ ያዘችልኝ፣ ሌላዋ ሕፃኑን አቅፋ ከኋላ ተከተለች። እኔ ከቃሬዛው ጎን እየተራመድኩ፣ እጄን ሆዷ ላይ አድርጌ ማኅፀኗን እያሸሁ ወረድን። መንገዱ ለጥ ያለበት ላይ ደህና ነበረች። ዋናው ቁልቁለት ሲጀምር ግን ከንፈሯ ነጣ፤ የእጇን የደም ሥር ትርታ ፈልጌ አጣሁት። ነገሩ ግልጽ ነበር። እግሯን ወደ ፊት አድርገው ስለሚወርዱ ጭንቅላቷ ከፍ፣ እግሯ ዝቅ ብሏል። የቀረቻት ጥቂት ደም ሁሉ ወደ እግሯ እየወረደች ነው።

«አዙሯት!» ብዬ ጮህኩ። «ጭንቅላቷ ይቅደም፣ ጭንቅላቷ!»

ተሸካሚዎቹ ቀጥ አሉ። ተያዩ። ከዚያ ቃሬዛውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡትና አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። ከኋላ ያሉት ሴቶች ደረታቸውን መምታት ጀመሩ፤ ለቅሶው ጭጋጉ ውስጥ ከአንዷ ወደ ሌላዋ እየተቀባበለ ወደ መንደሩ ወጣ።

እኔ የቆላ፣ የላንቴ ልጅ ነኝ፣ ሙዝ ሥር ያደግኩ። የሸንተረሩን ሰው ነገር ምኑን አውቄው።

የባሏ አባት አባባ ካሱ ከፊት ይሄዱ ነበር። ተመልሰው መጡ። ሸማኔ ናቸው፤ የለበሱት ጋቢ የራሳቸው እጅ ሥራ ነው። «ልጄ፣ ሞተች ነው የምትዪን?» አሉኝ።

«ኧረ ምን ሞት አመጣብዎት! አዙሯት ነው ያልኩት።»

«በእኛ መንደር ጭንቅላቱ ቀድሞ የሚሄድ ሬሳ ነው። ሰው ሲወለድ በጭንቅላቱ ይመጣል፣ ሲሞትም እንደዚያው ይሄዳል። በሽተኛ ግን እግሩ ይቀድማል፣ ተመልሶ በእግሩ እንዲወጣ።»

ደሜ ፈላ። «እንግዲያው በልማዳችሁ ልትገድሏት ነው» አልኳቸው። በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው፣ ያውም በመንደራቸው ሰው ፊት። መሬት መሬት አዩ።

ያን ጊዜ ዕድላዊት ዓይኗን ገለጠች። ለቅሶውን ሰምታለች። እኔን ሳይሆን ሰማዩን እያየች፣ በቀጭን ድምፅ «ሞቻለሁ እንዴ?» አለች።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። የጠየቀችውም ልትቃወም አልነበረም፤ ልታምን ነበር። ሰው ሁሉ ካለቀሰላት እሷ ምን ብላ ትከራከር። በሕይወት ያለችን ልጅ ሞተሻል ያልኳት እኔ ነኝ። አፈርኩ፣ ፈራሁም። ቁጣዬ ከምኔው ጥሎኝ እንደሄደ አላውቅም።

«አልሞትሽም፣ እጄን ያዢ» አልኳትና ወደ አባባ ካሱ ዞርኩ። «አባባ፣ ባለጌ ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ። ውሃ ወደ ቁልቁለት ነው የሚፈስሰው፣ ደምም እንደዚያው። የቀራት ትንሽ ነው። ወደ ልቧና ወደ ጭንቅላቷ ካልሄደላት መኪናው ጋ አትደርስልኝም። እርስዎ ካልፈቀዱ አይሸከሙልኝም።»

  አባባ ካሱ ጎንበስ አሉና ከለበሰችው ጋቢ ሥር፣ እግሯ አጠገብ የተሸጎጠውን የላስቲክ ጫማዋን አወጡ። ሰማያዊ ነው፣ አንደኛው ማሰሪያው ተበጥሶ በክር ተሰፍቷል። ጭቃውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። በሁለት መዳፋቸው ላይ፣ አፍንጫውን ወደ ቁልቁለቱ አድርገው ደረታቸው ላይ ያዙት።

«እግሯ ከፊት ይሄዳል» አሉ ለተሸካሚዎቹ። «አዙሯት።»

አዞሯት። ለቅሶው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ያለው እስካሁን በደንብ አይገባኝም። ነጭ ጋቢ ለብሰው ነጭ ጭጋግ ውስጥ ስለገቡ አባባ ካሱ አይታዩኝም ነበር። ጫማው ብቻ ነው የሚታየው። ሁለት ሰማያዊ ጫማ፣ በሰው ደረት ቁመት፣ አየር ላይ ቀስ እያለ ይወርዳል። ድንጋይ ሲኖር ቆም ይላል፣ መታጠፊያው ጋ ይታጠፋል። እኛ ተከተልነው። እጄ ሆዷ ላይ ነው፤ ማኅፀኗ ከመዳፌ ሥር ቀስ በቀስ ሲጠነክር ይሰማኛል።

«ጫማዬ አለ?» ትለኛለች። ፊቷ ወደ መንደሩ ስለዞረ አታየውም።

«አለ። እየሄደ ነው።»

«የት ደረሰ?»

«እንሰቱን አለፈ።»

«እኔ ቤቴን ነው የማየው» አለች። «ቤቴ ሽቅብ እየሄደ ነው።»

«ይሂድ። ትደርሺበታለሽ።»

ስትተኛብኝ እጇን እየቆነጠጥኩ፣ ጫማው የት እንደደረሰ እየነገርኳት ወንዙ ጋ ደረስን። ጌዲዮን በሩን ከፍቶ ጠበቀን፤ ጎረቤቷም ሕፃኑን እንዳቀፈች አብራን ገባች። አባባ ካሱ ከፊት፣ ከእሱ ጎን ተቀመጡ፤ ጫማው ጉልበታቸው ላይ፣ አፍንጫው ወደ መንገዱ። ጌዲዮን አየት አድርጎ ሞተሩን አስነሣ። ያን ቀን ዕንቁላል የሚባል ነገር አላነሳም። የላንቴ ሙዝ በሁለቱም ወገን እየተግተለተለ ወደ ኋላ ቀረ።

ሆስፒታል ስንደርስ ተቀብለው አስገቧት፤ በሩ ተዘጋ። የእኔ ሥራ እዚያ ላይ ያበቃል። ፎርሙን ሞልቼ፣ እጄን ታጥቤ መሄድ ነበረብኝ፤ እግሬ ግን እምቢ አለኝ። አባባ ካሱ ጫማውን በሩ ሥር አስቀመጡት፣ አፍንጫውን እሷ ወዳለችበት አድርገው። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

ትንሽ ቆይቶ ወለል የምትወለውለው ሴትዮ መጣችና ጫማውን በመወልወያዋ ገፋ ልታደርገው ስትል «እንዳትነኪው!» አልኳት። ኮሪደሩ በሙሉ ዞሮ አየኝ። አባባ ካሱ ሳያዩኝ ፈገግ አሉ። «አሁን ገና በቦታው ጮኽሽ» አሉኝ።

ስንት ሰዓት እንደቆምን አላውቅም። ሕፃኑ አንድ ጊዜ አለቀሰ፣ ተኛ፣ እንደገና አለቀሰ። አዋላጇ በሩን ከፍታ ስትወጣ ፊቷን ማየት ፈርቼ ጫማውን አየሁ።

«ደሙ ቆሟል» አለች። «ደም ሰጥተናታል። ነቅታለች፣ ልጄን አምጡ እያለች ነው።»

እኔ ያለቀስኩትን ተዉት። አባባ ካሱ አላለቀሱም። ጉልበታቸው እየተንቋቋ ጎንበስ አሉ፣ ጫማውን አንድ በአንድ አነሱ፣ አዞሩት። አፍንጫው አሁን በኮሪደሩ ወደ ውጭ፣ ወደ ተራራው ሆነ። ሁለቱንም አስተካክለው ገጠሟቸው።

«በይ ልጄ» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ። «የቀረው መንገድ የእሷ ነው።»