ከሰሜን በር እስከ ጥድ ሸለቆ

አባቴ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ካርታውን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋና ጥጎቹን በጨው ዕቃ፣ በስኳር ዕቃ፣ በመድኃኒቱ ሳጥንና በራሱ ክርን አስያዘው። ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነበር።

«ዘንድሮ ጥድ ሸለቆ ነው የምንገባው» አለኝ። «ትልቁ አጋዘን እዚያ ነው ያለው።»

ጥድ ሸለቆ ድሮ የኛ ነበር። አያቴ ከኖርዌይ መጥቶ የያዘው፣ አባቴ ሃምሳ ዓመት ከብት ያረባበት፣ እኔ ያደግሁበት መሬት ነው። እናቴ ስትሞት አባቴ ሸጠው። እኔ ያኔ ባሌን ተከትዬ ሌላ ከተማ ነበርኩ፤ ተፋትቼ ወደ ሞንታና ስመለስ አባቴ ከተማ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቶ አገኘሁት። ገዢው በዓመት አንዴ በትንሽ አውሮፕላን ብቅ የሚል ሰው ነው። ራሱ ስለማያድን መሬቱን ለሕዝብ አዳኝ ክፍት አደረገው። የፈለገ ሰው አስቀድሞ ደውሎ ተራ ይይዛል፣ በሩ ላይ ካለው ሳጥን ወረቀት አውጥቶ ስሙን ይሞላል፣ ከዚያ በእግሩ ይገባል። መኪና ክልክል ነው።

አባቴ ወደ ተወለደበት መሬት ለመግባት እንደማንም ተራ ያዘ። ከፍቶት እንደሆነ አላውቅም፤ ከፍቶኛል የሚል ሰው አልነበረም።

«ሳይነጋ ከሰሜን በር እንነሳለን» አለ በጣቱ እየተከተለ። «ጠዋት ነፋሱ ከምዕራብ ነው፤ ሽታችን ቀድሞን እንዳይደርስ ሸንተረሩን በምሥራቅ በኩል እንይዛለን። እነሱ ሌሊቱን ሜዳ ላይ ሲግጡ ያድሩና ፀሐይ ስትወጣ ገደሉ ሥር ጥዶቹ ውስጥ ገብተው ይተኛሉ። እኛ ከኩሬው በላይ ቁጭ ብለን መጠበቅ ነው።»

«ከበሩ እስከዚያ ስንት ነው አባዬ?»

«ምን አላት እሷ።»

«ሁለት ማይል ተኩል ነው።»

«በፈረስ ሃያ ደቂቃ ነበር።»

«ፈረስ የለህም።»

«እግር አለኝ» ብሎ ካርታው ላይ አጎነበሰ።

እግሩስ ነበር፤ የከዳው ሳንባው ነው። በማግስቱ መለማመድ ጀመረ። የጀርባ ቦርሳው ውስጥ ድንች ይሞላና ከቤት እስከ እህል ጎተራው ሄዶ ይመለሳል። እኔ የተማሪዎች አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት በዋናው መንገድ ሳልፍ አየዋለሁ። አንድ ቀን የፀጉር ቤቱን ግድግዳ ተደግፎ መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ያነባል። ልጆቹን አድርሼ ስመለስም እያነበበ ነበር። ማስታወቂያው ስለ ጠፋች ድመት ነው፤ ሦስት መስመር አይሞላም።

መስከረም ሲያልቅ እንደማይችለው ገባኝ። ሳልነግረው ሮይስ ጋ ሄድኩ።

ሮይስ ታግ አባቴ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራ ሰው ነው። ዛሬ ለአዲሱ ባለቤት እርባታውን ያስተዳድራል፤ የሚኖረውም እኔ ባደግሁበት ቤት ነው። ጋራዡ ውስጥ የትራክተር ጎማ ሲፈታ አገኘሁት።

«አንድ ነገር ልለምንህ ነው የመጣሁት ሮይስ።»

«ስለ አለቃ ነው» አለ ቀና ሳይል። አባቴን ዛሬም አለቃ ነው የሚለው። «ስሙን ዝርዝሩ ላይ አይቼዋለሁ። ኦርቪል ስቴንሩድ፣ የመክፈቻው ቀን፣ ሰሜን በር።»

«እስከ ኩሬው በመኪና ላድርሰው። አንድ ቀን ብቻ። ማንም አያይም።»

«አይሆንም።»

«በእናትህ ሮይስ።»

«ደንብ ነው ላቮን። ለአንዱ ብከፍት ለሁሉም ልከፍት ነው።»

«እሱ እኮ ሁሉም አይደለም! ይሄን ሥራ ያስተማረህ ማን ሆነና?»

መፍቻውን አስቀመጠ። እጁን በጨርቅ እያንዳንዷን ጣት ለየብቻ ጠረገ።

«አስተምሮኛል። የወንዙ ዳር ቤትስ? እሱንም ነግሮሻል?»

«የቱ ቤት?»

«‹ሮይስ፣ እኔ እርባታውን የተውኩት ቀን የወንዙ ዳር ቤትና አርባው ኤከር መሬት ያንተ ነው።› አንዴ አይደለም ያለኝ፤ በየገናው ነው። ሚስቴ መጋረጃ ሰፍታ ጨርሳ ነበር። መሸጡን የሰማሁት ከማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ነዳጅ ከሚቀዳው ሰውዬ። ‹አዲሱ አለቃህ ማነው?› ብሎ ሲጠይቀኝ።»

«እኔ... አላውቅም ነበር።»

«አሁን አወቅሽ። ይቺ የምታይው ቤትም የኔ አይደለችም፤ ባለቤቱ ጠዋት ቢደውልልኝ ማታ ዕቃዬ መኪና ላይ ነው።» መፍቻውን አነሳ። «በእግሩ ይግባ። እኔም በእግሬ ስገባ ነው የኖርኩት።»

እቤት ስመለስ አባቴ ጥይቶቹን አንድ በአንድ እየወለወለ ነበር። አልጠየቅሁትም። የሚመልስልኝን ፈራሁ።

የጥቅምት ውርጭ ወርዶ፣ የአደን መክፈቻው ቀን ገና ጨለማ ሳለ በሩ ላይ ደረስን። በሩን የበየደው አባቴ ራሱ ነው። ብርቱካንማ ሰደርያውን ለብሶ፣ በባትሪዬ ብርሃን ወረቀቱን ሞላ። ‹አድራሻ› የሚለው ቦታ ላይ እርሳሱ ቆመበት፤ ከዚያ የተከራየውን ቤት ቁጥር ጻፈ።

የሌላ ግዛት ታርጋ ያለው መኪና መጥቶ አራት ወንዶች ወረዱ። እየሳቁ ወረቀታቸውን ሞሉና ቀደሙን። «አይዞዎት አባባ! መልካም አደን!» አለ አንደኛው።

ሲነጋ ግማሽ መንገድ አልሄድንም። አባቴ ሃያ እርምጃ ይራመዳል፣ ይቆማል፤ አሥር ይራመዳል፣ ይቆማል። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከንፈሩ ጠቁሯል።

«አንቺ ሂጂ።»

«አልሄድም።»

«ሂጂ አልኩሽ። ሸንተረሩን በምሥራቅ በኩል...»

«ዕቅዱን አውቀዋለሁ አባዬ።» አጠገቡ ተቀመጥኩ። አፌ ላይ የነበረው ያኔ ወጣ። «ለሮይስ የወንዙ ዳር ቤቱን ቃል ገብተህለት ነበር?»

ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አስተካከለ። «ማን ነገረሽ?»

«እሱ።»

«ገዢው ሳይሸራረፍ ነው የፈለገው። ወይ ሁሉንም፣ ወይ ምንም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከውም?»

«ምን ብዬ?»

«እንደዚሁ ብለህ! አሁን ለኔ እንዳልከው!»

«ሠራተኛ ነበር» አለ። «ደሞዙን አንድ ቀን አላሳደርኩበትም።»

ስንት ነገር ልለው ፈለግሁ። ግን ትንፋሹ እንደ ወናፍ ይጮሃል፤ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር እንዴት ይጣሏል? ከገደሉ በኩል አንድ ጥይት ጮኸ፤ ቆየት ብሎ ሌላ።

«የመጀመሪያው ስቷል» አለ አባቴ።

ረፋዱ ላይ አራቱ ሰዎች ሥጋውን ተከፋፍለው ተሸክመው መጡ። የመጨረሻው የአጋዘኑን ጭንቅላት ይዟል። ጆሮው የበቅሎ ያህል ነው፤ ቀንዱ ከሰውየው ትከሻ ግራና ቀኝ ወጥቷል። በግራው ቀንድ ላይ ወደ ታች የተጠመዘዘች፣ ጣት የመሰለች ትርፍ ቅርንጫፍ አለች። አባቴ ሦስት መኸር ሙሉ ከመንገድ ዳር በርቀት መነጽር ሲከታተለው የኖረው እሱ ነበር።

«ቦታውን እንዴት አወቃችሁት?» አልኳቸው።

«የእርባታው ኃላፊ ነው የነገረን። ትናንት ደውለንለት ‹በምሥራቅ ሸንተረሩን ያዙና ከኩሬው በላይ ቁጭ በሉ፤ ፀሐይ ስትወጣ ራሱ ይመጣላችኋል› አለን። ይሄው መጣ! ጨዋ ሰው ነው።»

አባቴን አየሁት። የራሱን ቃል ነው የሰማው፤ ምናልባት ከሃያ ዓመት በፊት እዚሁ ሸንተረር ላይ ለሮይስ የተናገረውን።

«በትክክል ነው የነገራችሁ» አላቸው።

ሲሄዱ ሊነሳ ሞከረ፤ ጉልበቱ አልታዘዘለትም። እኔ ስልክ እስኪሠራልኝ ጉብታው ላይ ወጣሁና ለሮይስ ደወልኩ። ብዙ አልቆየም፤ ትንሿን የእርሻ መኪና እያንገጫገጨ መጣ። አባቴን ምንም ሳይናገር ከብብቱ ይዞ አንስቶ ጎኑ አስቀመጠው። እኔ ጠመንጃዎቹን ይዤ ከኋላ ወጣሁ።

«ይሄ አጥር ረግቧል» አለ አባቴ መንገድ ላይ።

«እሺ አለቃ።»

«ኩሬውም ደለል ሞልቶታል መሰለኝ።»

«አውቃለሁ አለቃ።»

በሩ ጋ ስንደርስ ሮይስ ሞተሩን አጠፋ። አልወረደም። ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ፊት ለፊት ያያል። የአባቴን ትከሻ ከኋላ ነካሁት፤ ጠበቅ አድርጌ ነካሁት። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስትዘጋው ከፍ አድርገህ ነው» አለ። «ማጠፊያው ወርዷል።»

ሮይስ እጁን ከመሪው ላይ አነሳ። ከዚያ ወርዶ በሩን ከፈተልን።

አባቴ መጋቢት ላይ ሞተ። በረዶው ገና አልቀለጠም ነበር። ከቀብሩ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ ሰው ሳንድዊችና የድንች ሰላጣ ሲበላ ሮይስና ሚስቱ ግድግዳ ሥር ቆመው አየኋቸው። ሄድኩና «ስለ አባቴ ይቅርታ» አልኩት።

«አንቺ ምን አደረግሽ?» አለ። ሳህኑን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። «ያን ቀን ሞተሩን ያጠፋሁት ቤቱን ፈልጌ አይደለም። ቤቱማ ሄዷል። ለአጥሩ ቃል አላጣም፣ ለማጠፊያው አላጣም...» ሚስቱ እጅጌውን ጎተተችው። ካፖርታቸውን ለብሰው ሄዱ።

በሚቀጥለው በጋ ገዢው እርባታውን ለሌላ ሰው ሸጠው። የአደን ተራ የሚያዝበት ስልክም መሥራት አቆመ። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ የሮይስ ፒክአፕ ዕቃ ተቆልሎበት፣ ፍራሹ በገመድ ታስሮ ወደ ደቡብ ሲሄድ መንገድ ላይ ተላለፍን። እዚህ አገር ሰው ሲተላለፍ እንደሚያደርገው አንድ ጣቱን ከመሪው ላይ አነሳልኝ። እኔም አነሳሁለት።