ላልቶ የሚነበብ ጩቤ

ሰው «ብል» ይለዋል፣ መጽሐፍ በሚበላው ተባይ ስም። አይቀየምም። የባለጸጎችን ቁልፍ በሽቦ ከፍቶ፣ ወርቁን ትቶ መጽሐፉን ታቅፎ የሚወጣ ሌባ ሌላ ምን ይባላል? ሌባ እንዳይሉት ምሁር፣ ምሁር እንዳይሉት ሌባ።

ያን ቀን ግን ከአንድ ቤተ መጻሕፍት የሰረቀው ጩቤ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ዘበኛ በዱላ ሁለት የጎን አጥንቱን ሰበረበት፤ እሱም የዘበኛውን ጉልበት በወፍራም መዝገበ ቃላት ሰብሮ አመለጠ። «ይቅርታ» ማለቱን አልረሳም፤ ለመዝገበ ቃላቱ።

ደም እየተፋ ጩቤውን እንዲያመጣ ወደታዘዘበት ቢላዋ መሳያ ቤት ገባ። የወሮበሎች አለቃው መንጋጋ የብልን እህት ወንበር ላይ አስሮ፣ እጇን በሚሽከረከረው መሳያ ድንጋይ ላይ ይዞታል። ልብስ ሰፊ ናት፤ ብልን አሳድጋ ያስተማረችው በእነዚያ ጣቶች ነው። የአንዱ ጫፍ ከነጥፍሩ ተልጦ ድንጋዩ ቀልቷል።

«አመጣኸው?» አለ መንጋጋ። አገጩ በጠብ ከተሰበረ ወዲህ ጥርሱን ነክሶ ነው የሚያወራው፤ ቃል ሁሉ አፉ ውስጥ እንደ ቋጠሮ ይጠብቃል።

«መጀመሪያ እታለምን ልቀቃት።»

«አንተ ጅል፣ እንዳትሰጠው!» ጮኸች እህቱ። «በዘጠኝ ጣትም እሰፋለሁ!»

መንጋጋ ፔዳሉን ረገጠ። ሁለተኛው ጣት ቆዳው ተገፈፈ፤ ጩኸቷ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ቢላዋዎች አንቀጫቀጨ። ብል ጩቤውን ወረወረለት።

ስለቱ ላይ «የያዘኝ ይመታል» ተብሎ ተቀርጿል። ያዡ ጮክ ብሎ ሲያነበው ጩቤው እንደ ንባቡ ይፈጽማል። መንጋጋ ጩቤውን ብል ደረት ላይ ደቀነ።

እዚህ ላይ ጤነኛ ሰው ዝም ይላል። ብልን ግን አመሉ መች ይለቀዋል!

«ላልቶ ነው የሚነበበው» አለ። «ካላላኸው መቺ ነህ። ካጠበቅኸው ግን ተመቺው አንተ ነህ።»

«ኧረ አፍህን ዝጋ!» አለች እህቱ።

«እኔን ማንበብ ልታስተምር?» መንጋጋ ሳቀ። ከዚያ ከንፈሩን አሹሎ፣ አገጩን አላልቶ ሞከረ። «የያዘኝ... ይመ...» የተሰበረው አጥንት ቀጭ አለ፤ ጥርሱ ተገጠመ። «...ታል!»

ቃሉ እንደ ቡጢ ጠብቆ ወጣ።

ጩቤው የመንጋጋን እጅ ጠምዝዞ አዞረና ጉሮሮው ውስጥ እስከ እጀታው ገባ። ተንፈራግጦ ድንጋዩ ላይ ወደቀ፤ ድንጋዩም ፊቱን እየላጠ፣ ደሙን ጣሪያ ድረስ እየረጨ ዞሮ ዞሮ ቆመ።

ብል ገመዱን በጠሰላት። እህቱ በደህና እጇ በጥፊ አጮለችው።

«ቢሳካለትስ ኖሮ?»

«ሰው ሊሳሳት ሲል ዝም ማለት አልችልም፣ እታለም።»

«በል እሰርልኝ፣ ሊቁ!»

ሸሚዙ በደም ተነክሯል። ከብብቱ አንድ መጽሐፍ አወጣ፣ የጨርቅ ልባሱ ንጹሕ ነው። አየው፤ ጣቶቿን አየ። ዓይኑን ጨፍኖ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ መጽሐፍ ቀደደ።