ሳናነብ የፈረምነው ወረቀት

ትብለጥ እባላለሁ። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ያለው የማርያም ማኅበራችን ሙሴ ነኝ። ሙሴ ማለት እንግዲህ ሰብሳቢዋ፣ ቀን ቆራጯ፣ ያረፈደችውን የምትቆጣው ማለት ነው። አሥራ አራት ሴቶች ነን። እኔ ያዞርኩት ወረቀት ሳይፈረም ተመልሶ አያውቅም፤ በዚህም እኮራ ነበር።

አምና ያዞርኩት ወረቀት ለኮንግረስ የሚላክ ነበር። ፅንስ ለሚያስወርዱ ክሊኒኮች የመንግሥት ገንዘብ እንዲቆም የሚያደርገው ሕግ ይጽደቅ ይላል። አራት ገጽ እንግሊዝኛ ነው፤ ማን ያንብበው? አንዷ የመጀመሪያውን አንቀጽ ተረጎመችልን። «ታዲያ ይኼ ምን ያጠያይቃል!» አልኩና እስክሪብቶውን አቀበልኩ። ፅንስ ማስወረድ ኃጢአት ነው ብዬ ያኔም አምን ነበር፣ ዛሬም አምናለሁ፤ ለዚህ ማንም እንዳይከራከረኝ። ስሂን ብቻ እስክሪብቶውን ይዛ ትንሽ ቆየች።

«ምነው፣ ስምሽ ጠፋብሽ እንዴ?» አልኳት። ሁሉም ሳቁ። ፈረመች።

ሕጉ ወጣ። እኛም እልል ብለን ረሳነው።

ከወራት በኋላ ስሂን ኮል አደረገችኝ። የምትኖረው እዚሁ አጠገባችን፣ አሌክሳንድሪያ የምትባል ከተማ ነው፤ ባሏን ከቀበረች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ኤርፖርት ዊልቼር ትገፋለች። «እትዬ፣ መኪናዬ ተበላሽታ ሐኪም ቤት ታደርሺኛለሽ? ግን ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ። እኔ መቼ ወሬ አወራለሁ ልላት አሰብኩና ተውኩት፤ አፌን ሁለታችንም እናውቀዋለን።

ሐኪም ቤቱ ስንደርስ በሩ ላይ የተጻፈውን ሳነብ ደሜ ፈላ። ማስወረጃ ነው የምንለው ያ ክሊኒክ ነው።

«ስሂን! በማርያም! ምን ሆነሽ ነው?»

«ምን የሆንኩ መሰለሽ?» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «የማኅፀን በር ምርመራ ነው። ያለፈው ውጤቴ ጥሩ አይደለም። ካንሰር እንዳይሆን ናሙና መወሰድ አለበት ተብያለሁ።»

እናቷ በዚሁ በሽታ ነው የሞቱት። ያን ጊዜ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

እንግዳ መቀበያው ላይ ኤፍራታ የምትባል ሐበሻ ልጅ ነበረች። የስሂንን የሜዲኬይድ ካርድ፣ መንግሥት ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚከፍለውን የሕክምና መድን፣ አይታ ወደ እኔ ዞረች። «እማማ፣ በጣም ይቅርታ። ከእንግዲህ ሜዲኬይድ እዚህ አይሠራም።»

እማማ! ገና ሃምሳ ስምንት ዓመቴ እኮ ነው። «ስሚ ልጄ፤ እኛ ለማስወረድ አልመጣንም። ለምርመራ ነው!»

«ገብቶኛል። ሕጉ ግን ለምን መጣችሁ ብሎ አይጠይቅም። ለውርጃማ ከጥቂት ነገር በቀር ድሮም የፌደራል ገንዘብ አይከፈልም ነበር። አሁን የተቋረጠው ክሊኒኩ የሚሰጠው ሌላው ሕክምና ሁሉ ነው፤ ምርመራውም ጭምር።»

የሌሎች ክሊኒኮችን ዝርዝር ሰጠችን። መኪና ውስጥ ሆነን ሁሉም ጋ ደወልን። ቅርብ የተባለው ቀጠሮ ከአራት ወር በኋላ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን ግን የምትለቅመው ስሂን ሆነች።

«ታዲያ ለምን ፈረምሽ?» አልኳት።

«ባልፈርምስ ምን ትሉኝ ነበር? ባል የሌላት ሴት እዚያ ምን ትሠራለች አትሉም?»

እንል ነበር። ወሬውን የምጀምረውም እኔ ነበርኩ።

«አንቺስ አንብበሽው ነበር?» አለችኝ ቀስ ብላ።

መኪናውን አስነሥቼ ቤቷ አደረስኳት።

የሚቀጥለው ማኅበር ሎረል ከተማ፣ አባላችን እማማ እታለማሁ ቤት ነበር። ጸሎቱ ሲያበቃ ተነሣሁ። የስሂንን ምስጢር እንዳላወጣ ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ ነው ያደርኩት።

«ያ ገንዘቡ ይቁም ብለን የፈረምንበት ክሊኒክ የምሄደው እኔ ነኝ» አልኩ። «ለማኅፀን በር ምርመራ። በሕጉ ምክንያት መለሱኝ፤ አራት ወር ጠብቂ ተብያለሁ። በሽታው ግን አይጠብቅም። ሐኪም ቤት ሰው ያላችሁ እርዱኝ።»

ዋሸሁ፤ እመቤቴ ይቅር ትበለኝ። ስሂን አንገቷን ደፋች።

«በዚህ ዕድሜሽ እዚያ ምን ወሰደሽ?» አሉኝ እማማ እታለማሁ።

«ሰው የት ሄዶ ይመርመር ታዲያ፣ እማማ?» አልኳቸው። አንዳንዶቹ ሆዴን ሲያዩ አየኋቸው። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

ፎልስ ቸርች ከተማ ባለ ሆስፒታል ውስጥ ቀጠሮ የምትይዘው ሐሴት ስልኳን አወጣች። «እትዬ ትብለጥ፣ አንዲት ሴት የሐሙስ ቀጠሮዋን ሰርዛለች። ሜዲኬይድም እንቀበላለን። ሙሉ ስምሽንና የትውልድ ቀንሽን ንገሪኝ።»

ይኼን አላሰብኩትም! የራሴን ስም ብሰጥ ቦታው ባክኖ ይቀራል። የእሷን ብሰጥ አጋለጥኳት።

ስሂን ተነሣች።

«በእኔ ስም ያዢው፣ ሐሴት። በሽታው የእኔ ነው። እትዬ የዋሸችው ለእኔ ብላ ነው።»

ሐሴት ስሟን ጽፋ ስትጨርስ ከወዲያ ጥግ እንግዳወርቅ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ሌላ ቦታ ከተለቀቀ እኔንም አስቢኝ» አለች። «እኔም እዚያው ነበር የምመረመረው።»

ከእሷ ቀጥላ ሌላዋ። ከዚያም ሌሎች ሁለት።

ሐሴት አምስት ስም ጻፈች። እንደ ልማዴ ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፤ የምቆጣው ሰው ግን ከራሴ በቀር አልነበረም።