ሮማዊው ወታደር ካርድ የለውም

ኢብሴ ማይክራፎኑ ፊት ስትቀመጥ አቶ ቀነዓ ከመስታወቱ ማዶ ወንበር ስበው ተደላድለው ነበር። የመቱ ከተማ ትንሿ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያ ኃላፊ ናቸው፤ የማያምኑበትን ነገር እስከ መጨረሻው አይተው «ብዬሽ ነበር» ማለት የሚወዱ ሰው።

«ሃያ ደቂቃ አለሽ» ብለዋታል ጠዋት። «አምስት አድማጭ አየር ላይ ከገባ በየሐሙሱ ሰዓቱ ያንቺ ነው። ካልገባ ለዘፈን ምርጫ እሰጠዋለሁ። ዘፈን ሲሆን ሕዝቡ ስልካችንን አያስተኛውም።»

«አምስት አያንስም ጋሼ?»

«አፍ ብቻ!»

በታሪክ ትምህርት ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሁለት ዓመት ሙሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ ስታነብ ከርማለች። ሁሩሙ ከተማ ማር የሚነግደው አጎቷ «ሰኞ ነይና ሱቁን ያዢልኝ፤ ታሪኩን ለንቦቹ ታስተምሪያለሽ» ብሏታል። ማር መሸጥ አያሳፍራትም። ተሸንፋ መሄዱን ግን አልፈለገችውም። ይህች ሃያ ደቂቃ ከከሸፈች ሰኞ ሁሩሙ ናት።

ሐሳቡን በወረቀት ስታቀርብላቸው አቶ ቀነዓ ርእሱን ሁለት ጊዜ ነበር ያነበቡት። «‹ሮማውያን ሞባይል ቢኖራቸው ኖሮ›? ልጄ፣ የኖፓ ወረዳ ገበሬ ከሮማ ጋር ምን አገናኘው?»

«የኖፓ ገበሬ አለቃ አለው» አለቻቸው። «ሮማውያንም አለቃ ነበራቸው።»

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ቀይዋ መብራት በራች። የድምፅ ባለሙያው ሙሐዲን ጣቱን ቀሰረላት፤ ጀመረች። በአማርኛ እያወራች መሀል ላይ ወደ ኦሮምኛ ትሻገራለች፣ ትመለሳለች፤ ከተማው እንደሚያወራው።

«እስቲ አስቡት። የሮማ ሴኔት የቴሌግራም ግሩፕ ከፍቷል። አጀንዳው ጦርነት ነው። ስድስት መቶው አባል በየተራ ‹እንደምን አደራችሁ› ሲባባል ረፋዱ ያልቃል። ከዚያ አንዱ የአበባ ሥዕል ይልካል፤ ሌላው የሰርግ ጥሪ። ንጉሠ ነገሥቱ አድሚን ናቸው፤ ያልጣማቸውን ከግሩፑ ያስወጣሉ። በእውነተኛው ሮማ እንዲህ ያለው ሰው ደሴት ላይ ይጣል ነበር።»

ሙሐዲን ሳቁ እንዳያመልጠው አፉን በእጁ ያዘ።

«በደጉ ዘመን ትእዛዝ በፈረስ ነበር የሚሄደው። ከሮማ ብሪታንያ ለመድረስ ሳምንታት ይፈጃል። እነዚያ ሳምንታት ለሩቁ አገረ ገዢ ነፃነቱ ነበሩ። ሞባይል ቢኖር በየማለዳው ‹ሥራው የት ደረሰ?› ይባላል። ምን ይመልስ ይመስላችኋል? ‹ጌታዬ፣ ኔትወርክ አስቸግሮኝ ነው።› ተራው ወታደር ግን ደስ ይለዋል፤ ከድንበር ሆኖ በየማታው ሚስቱን ያዋራል። አሁን ደውሉና ንገሩኝ፦ ስልኩን ጥርቅም አድርጎ የሚያጠፋው የመጀመሪያው ሮማዊ ማን ይሆናል?»

ቁጥሩን ተናገረችና ጠበቀች።

ስልኩ አንዴ ጠራ። ሙሐዲን ሲያነሳው ተዘግቷል። ደግሞ ጠራ፤ ተዘጋ። ደግሞ። ኢብሴ ዝም እንዳይባል ስለ ሮማ መንገዶች ታወራለች፤ ዓይኗ ግን ስልኩ ላይ ነው። ሲበቃት ሙዚቃ አስገባችና ማይክራፎኑን ዘጋች።

«ምን ሆነ?»

«ሚስኮል ነው» አለ ሙሐዲን። «ሁሉም አንዴ አስጠርቶ ይዘጋል። አሥራ አራት ሆኑ።»

አቶ ቀነዓ በሩን ገፍተው ገቡ። «ዜሮ። ብዬሽ ነበር።»

«አሥራ አራት ሰው ደውሏል ጋሼ!»

«የደወለ ሰው ይናገራል። ይሄ በር አንኳኩቶ መሮጥ ነው።»

«ከሮጡ ቁጥራቸውን ለምን ይተዋሉ? መልሼ ልደውልላቸው።»

«የጣቢያው ስልክ ወደ ውጭ አይደውልም። ሠራተኛው ከዘመድ አዝማድ ጋር ሲያወጋበት እኔ ነኝ ያዘጋሁት» አሉና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ዘጠኝ ደቂቃ ቀርቷታል። የራሷን ስልክ ከቦርሳዋ አወጣች፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ ማይክራፎኑ ሥር አስጠጋችው።

«ቁጥሮቹን አንብብልኝ።»

«ኢብሴ፣ ያባርሩኛል እኮ።»

«ቁጥር አንብበህ ነው የምትባረረው? ቀጥል፣ ዜሮ ዘጠኝ...»

ማይክራፎኑን መልሳ ከፍታ ስትደውል መጀመሪያ ያነሳችው ኖፓ ውስጥ ሱቅ ያላት ሰይዳ ነበረች። «መልሳ ትደውላለች ብዬ መች ጠበቅሁ! ስልኩን የሚያጠፋው ግብር ከፋዩ ነው። ሰብሳቢውማ ሁለት ሲም ነው የሚይዘው።» ሁለተኛው ከሁሩሙ መናኸሪያ የገባ ዋቁማ የሚባል ሾፌር ነው፤ ፈረሰኛው መልእክተኛ ሥራ እንዳይፈታ አንቴናውን ራሱ ይቆርጠዋል ባይ ነው።

ሦስተኛው ጅራታ ይባላሉ፤ ከሶር ፏፏቴ ወዲህ ካለ ቀበሌ።

«ልጄ፣ ስህተት አለብሽ» አሉ።

«የቱ ላይ ነው ኦቦ ጅራታ?»

«ወታደሩ በየማታው ያወራል አልሽ። በየትኛው ካርድ? እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ወታደር ነበርኩ። ወታደር ካርድ የለውም፤ ሚስኮል ነው የሚያደርገው። አንዴ ከጠራ አለሁ ነው። ሁለቴ ከጠራ ፈቃድ አግኝቻለሁ። ሦስቴ ታምሜያለሁ።»

«አራቴስ?»

«አራት አልነበረንም። ከሦስት በላይ ከሆነ የሚደውለው ሌላ ሰው ነው፤ መርዶ ይዞ።»

ሙሐዲን ቀና አለ። ኢብሴ የጻፈችውን የወታደር አንቀጽ በእስክሪብቶ ሰረዘችው።

«ልክ ነዎት፣ እኔ ተሳስቻለሁ» አለች። «ባለቤትዎ ታዲያ ስልኩን አንስተውብዎት አያውቁም?»

«ዲንቄ? በየጊዜው እያነሳች ባዶዬን ስታስቀረኝ ኖረች እንጂ!»

አራተኛዋ አሜን የምትባል ተማሪ ነበረች፤ ሳቋን ሳትጨርስ ስልኩ ተቋረጠ። ኢብሴ አምስተኛውን ቁጥር ስትመታ ያ አገር የሚያውቀው የቴሌ ሴትዮ ድምፅ የደዋይዋ ቀሪ ሒሳብ በቂ አለመሆኑን በትሕትና አስታወቀ። አየር ላይ።

«እሷን አምስተኛ ብለን እንቁጠራት?» አለ ሙሐዲን በሹክሹክታ።

ሁለት ደቂቃ ቀርቷል። «ያንተን ስልክ አምጣ» ልትለው እጇን ስትዘረጋ የጣቢያው ስልክ ጠራ። አልተዘጋም። ሁለቴ፣ ሦስቴ ጠራ። ሙሐዲን ተወርውሮ አነሳው።

«አሎ! ዲንቄ ነኝ፤ የጅራታ ሚስት። የጎረቤት ስልክ ለምኜ ነው። ያ ሽማግሌ ዋሽቷል! ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያነሳሁት።»

«ለምን አነሱት እትዬ ዲንቄ?»

«አንደኛው ጊዜ ሕጉን አልነገረኝም። ሁለተኛው ጊዜ ሦስቴ ጠራ። ታምሜያለሁ እያለኝ ቁጭ ብዬ ልቁጠርለት? የሮማ ሴትም ብትሆን ታነሳለች። ይኼንንም ጻፊው።»

«እየጻፍኩት ነው» አለች ኢብሴ። እውነቷን ነበር።

መብራቷ ስትጠፋ አቶ ቀነዓ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ባልና ሚስት እንደ አንድ ነው የሚቆጠሩት» አሉ።

«ሲስማሙ ነው ጋሼ።»

አቶ ቀነዓ የእሷን ስልክ በአገጫቸው አመለከቱ። «ለዚያ ስልክ ካርድ አልሞላም። እወቂው።»

«አይሙሉ። ሰዓቱን ይስጡኝ።»

መልሳቸውን አልጠበቀችም። ግድግዳው ላይ ወዳለው የፕሮግራም ሰሌዳ ሄዳ ሐሙስ ዘጠኝ ተኩል ከሚለው ትይዩ ስሟን በጉልህ ጻፈች። አቶ ቀነዓ አነበቡት፤ አላጠፉትም።

«ሙሐዲን» አለች ቦርሳዋን እያነሳች፣ «የቀሩትን ቁጥሮች ጻፍልኝ። አሥር ሰው እየጠበቀኝ ነው።»