የተናኜ አልጋ

ሸረፈዲን ጥሩምባውን ከንፈሩ ላይ አሳርፎ ትንፋሹን ስቧል። ጉንጩ ተነፍቶ ሊለቀው ሲል ከኋላው አንድ የደረቀ እጅ መጣና የጥሩምባውን አፍ ግጥም አድርጎ ደፈነበት።

"አበድክ ወይ?" አለችው ኡሙልኸይር። ከተናኜ ቤት እስከ ጉብታው ድረስ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ ሮጣ ስለመጣች ድምጿ ይቆራረጣል። "አያ ሸረፈዲን፣ መኪናውን ረሳኸው?"

እሱ አልረሳውም፤ የረሳው እግሩ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የመንደሩ የቀብር ማኅበር፣ የቅሬው፣ ጠሪ ሆኖ ሰው በሞተ ቁጥር ይህን ጉብታ ወጥቷል። ዛሬም ጎህ ሲቀድ ተናኜ ስታርፍ፣ እግሩ እንደ ልማዱ ይዞት ወጣ። አሁን ጥሩምባውን አውርዶ ቁልቁል ተመለከተ። ፀሐይ ከዞብል ተራራ ጀርባ ብቅ እያለች ነው። ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ከግራሩ ሥር ያ ሸራ የለበሰ ኦራል መኪና እንደቆመ ነው። ከስድስት ቀን በፊት "ተበላሽቷል" ተብሎ የቆመ ሲሆን እስካሁን ማንም ሞተሩን ከፍቶ ሲያይ አልታየም። ከመኪናው ወዲያ እስከ ዋጃ ድረስ የሚሄደው ማሽላ ነው። የጥቅምት ማሽላ ሰው ይውጣል፤ ሁለት እርምጃ የገባ ሰው እናቱም ብትፈልገው አታገኘውም። የቀበሌው ወጣት በሙሉ ከወታደር አፈሳ ሸሽቶ እዚያ ውስጥ ነው የሚያድረው።

ወታደሮቹ ሁለት ጊዜ ገብተው አስሰው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። ያን ማሽላ ባዶ ማድረግ የሚችል አንድ ነገር ብቻ አለ፤ እሱም ሸረፈዲን እጅ ላይ ነው።

በዚህ አገር ሰው ከመንግሥት ይደበቃል እንጂ ከቅሬ አይደበቅም። ጥሩምባው ሲሰማ ሞፈር የያዘ ሞፈሩን፣ ሚዛን የያዘ ሚዛኑን ጥሎ ይወጣል። እስላሙ የክርስቲያኑን ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ክርስቲያኑ የእስላሙን ቃሬዛ ይሸከማል። ከቅሬ የቀረ ሰው በራሱ ቀን ሬሳውን ታቅፎ ብቻውን ይቀራል። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አስፋው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ቅሬ ውስጥ ነው።

ከሳምንት በፊት ሸረፈዲንን ቢሮው አስጠርቶ ወንበር ስቦለት ነበር።

"የርስዎ ጥሩምባ ካንድ ሻለቃ ጦር ይበልጣል፣ አያ ሸረፈዲን" አለው እየሳቀ። "አንድ ጊዜ ብቻ ቢነፉልን ምን አለበት?"

"ማን ሞተና?"

"ማንም አልሞተ። ይውጡና ይሰብሰቡ፤ ሌላውን ለኛ ይተዉት።"

"በሐሰት ቅሬ አልጠራም። አባትህን የጠራሁበት ጥሩምባ ነው፣ አስፋው።"

የአስፋው ሳቅ ጠፋ። "ኮታው ሃያ አራት ሰው ነው። ካልሞላ እኔው ራሴ ነኝ የምሞላው፤ በግልጽ ነግረውኛል" አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። "እሺ፣ ሐሰት አይሁን። ባገሩ የታመመ አይጠፋም።"

ከማግሥቱ ጀምሮ ጓድ አስፋው ስኳር በወረቀት ጠቅልሎ በየጠዋቱ ተናኜን መጠየቅ ጀመረ። የታመመ መጠየቅ ደግ ሥራ ነው፤ አትምጣ አይባልም። ግን በሩ ላይ ቆሞ ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል በዓይኑ ሲከተል ያየው ሸረፈዲን የሚጠብቀው ሞቷን መሆኑ ገብቶት ነበር። የተናኜ አንድ ልጅ ታደሰ ከሌሎቹ ጋር ማሽላው ውስጥ ነው። የእናቱን ጥሩምባ ከሰማ ከሁሉም ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው።

"እንግዲህ ጠሪ ነኝ" አለ ሸረፈዲን ጉብታው ላይ እንደቆመ። "ቃል ገብቼላት ነበር።"

ኡሙልኸይር ታውቃለች፤ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ተናኜ ለየለቅሶ ቤቱ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ትቀልድበት ነበር። "የኔን ቀን ለደሃ ነው ብለህ እንዳታሳጥረው፤ ሮቢት ድረስ ይሰማ" ትለዋለች። እሱም "ዋጃም ጎብዬም አሰማልሻለሁ" ይላታል። ሠላሳ ዓመት የሰውን ለቅሶ በእንስራ የተሸከመች ሴት፣ በዓለም ላይ የምትፈራው ያለ ሰው መቀበርን ብቻ ነበር።

"ያንተ ልጅ ሰላሁዲን ከገበያ ታፍሶ ከሄደ ስንት ዓመቱ ነው?" አለችው ኡሙልኸይር በዝግታ።

"ሦስት።"

"ደብዳቤ መጣ?"

ጥሩምባውን ጋቢው ውስጥ ከቶ ቁልቁለቱን ወረደ።

ቤት ውስጥ የቅሬው ዳኛ ወልደ ሚካኤል ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ቁመቱ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አይቀረው። ደብሪቱ አስከሬኑን አጥባ ጨርሳ የተናኜን አገጭ በጨርቅ እያሰረች ነው። ደብሪቱ የአስፋው እናት ናት። ሸረፈዲን ሲያያት ደጃፉ ላይ ቆመ።

"ግባ እንጂ" አለችው ቀና ሳትል። "ወለድኩት እንጂ አላዘዝኩትም።"

ወልደ ሚካኤል ጉሮሮውን ጠረገ። "የወታደሮቹ ሃምሳ አለቃ መኪናውን ቅዳሜ ይዞ ይሄዳል ተብሏል። ዛሬ ረቡዕ ነው። እስከ ቅዳሜ ተናኜ አልሞተችም። ከአራታችንና ከቄሱ በስተቀር ማንም አይወቅ።"

"ታደሰስ?" አለች ኡሙልኸይር። "እናቱ ናት እኮ።"

"ታደሰም።"

ደብሪቱ አፏን በነጠላዋ አፍና ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። በዚያ ቤት ውስጥ የተሰማው ለቅሶ እሱ ብቻ ነበር።

ወደ ቤተ ክርስቲያን በአልጋ የሚሄድን በሽተኛ ሰው ጠበል ይሄዳል ይላል እንጂ አይጠረጥርም። የአገጯን እስር በሻሽ ሸፈኑ፤ ፊቷን ገልጠው፣ ጋቢዋን እስከ አንገቷ ስበው፣ ከነጠፍር አልጋዋ አነሷት። ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ። ለአራት ሽማግሌ አንድ ሬሳ ግን ጌጥ አይደለም። ወልደ ሚካኤል በረጅምነቱ የእሱ ጎን ከፍ ይላል፤ ሸረፈዲን በአጭርነቱ የእሱ ጎን ይወርዳል። ሴቶቹ ከኋላ ናቸው። ሴት ቃሬዛ ስትሸከም አይተው አያውቁም፤ ዛሬ ግን ማንም ነውር ነው አላለም።

ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርሱ አስፋው ከመኪናው ጥላ ወጣ። ሃምሳ አለቃው ጎማው ላይ ተቀምጦ በሳንጃ የማሽላ አገዳ ይልጣል።

"እንዴት አደሩ? ወዴት ነው?"

"ጠበል" አለ ወልደ ሚካኤል። "ሐኪሙ አልቻለም።"

አስፋው ወደ አልጋው ቀረበ። ሸረፈዲን የአልጋው እግር እጁ ውስጥ ሲንሸራተት ተሰማው። የዚያን ጊዜ አንድ ዝንብ መጥቶ ተናኜ ከንፈር ላይ አረፈ። ከላይኛው ከንፈር ወደ ታችኛው ሄደ። ተናኜ አልተንቀሳቀሰችም። አስፋው ዝንቡን ያያል፤ ሸረፈዲን አስፋውን ያያል።

ኡሙልኸይር በነጻ እጇ ዝንቡን አባረረች። "አብሽሪ እህቴ፣ ደርሰናል" አለቻት ሬሳዋን።

"መንገድ ልቀቅ፣ አስፋው" አለች ደብሪቱ። "የታመመ ተሸክመናል።"

አስፋው እናቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ወደ ጎን አለ። "ነገ ጠዋት መጥቼ አያታለሁ" አለ።

ከአሸዋማው ወንዝ ማዶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች እየተፈራረቁ ቆፈሩ። ጉድጓድ መቆፈር የወጣት ሥራ ነበር። የወልደ ሚካኤል መዳፍ ተልጦ ዶማው ላይ ደም ቀረ። ቄሱ ፍትሐቱን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው አደረሰ። አፈሩ ሲመለስ ሸረፈዲን ተንበረከከና አፉን ወደ መሬቱ አስጠግቶ "ቅሬ ውጣ፣ ተናኜ ዐርፋለች" አለ። ከአጠገቡ ያለው ወልደ ሚካኤል እንኳ በደንብ አልሰማውም። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ያፈረበት ጥሪ የለም። አልቅሶ ተነሳ።

አልጋውን ትራስና ብርድ ልብስ ደርበውበት በሌላ መንገድ መለሱት።

ሐሙስ ጠዋት የተናኜ አልጋ ባዶ መሆን አልነበረበትም። ኡሙልኸይር "እኔ እተኛለሁ" ስትል ደብሪቱ ቀድማ ጫማዋን አወለቀች።

"አንቺ? ልጅሽ እኮ ነው የሚመጣው" አላት ሸረፈዲን።

"ስለሚመጣ ነው የምተኛው" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ የተናኜን ጋቢ ተከናነበች።

አስፋው ስኳሩን ይዞ ገባ። ሃምሳ አለቃው ደጅ ቀረ፤ ቡትስ ጫማው በሩ ላይ ይታያል።

"እማማ ተናኜ፣ እንዴት አደሩ?"

ከጋቢው ሥር ሳል መጣ። ረጅም፣ ደረቅ፣ መጨረሻው ላይ የምትሰበር ሳል። ሸረፈዲን ያስታውሳል፤ አስፋው ሕፃን ሆኖ እናቱ በዚያች ሳል እያሳለች በጀርባዋ አዝላው ለቅሶ ትመጣ ነበር። ሰው የእናቱን ሳል አይስተውም። አስፋው ቀስ ብሎ ሄደና የጋቢውን ጫፍ ገለጠ።

ደብሪቱ ቀና ብላ አየችው። "ቅሬ ካማረህ በኔ ጀምር" አለችው በሹክሹክታ። "ሞታለች በልና ውጣ። እዚሁ እንደተኛሁ እጠብቅሃለሁ።"

አስፋው የጋቢውን ጫፍ መልሶ ለቀቀው።

"እንዴት ናት? ሞተች?" አለ ሃምሳ አለቃው ከደጅ።

አስፋው ዞሮ ሸረፈዲንን አየው። ሊቀመንበርነቱ ከፊቱ ጠፍቶ፣ አባቱ የሞተ ዕለት ጉብታው ሥር መጥቶ እንደቆመው ልጅ ሆኗል። ሸረፈዲን ጭንቅ አለው። ሚስቱን ዋሽቶ ያውቃል፤ ገበያ ላይም ዋሽቷል። ሞት ላይ ግን አንድም ቀን ዋሽቶ አያውቅም። ሰው ሞፈሩን ጥሎ የሚወጣው በዚህ አፍ አምኖ ነው።

ወደ በሩ ሄደ። "ጠበሉ ረድቷታል፤ ትንሽ ተሽሏታል" አለ።

ሃምሳ አለቃው ከእግሩ እስከ ቀይ ጢሙ ድረስ አየው። "የሽማግሌ ወሬ ጠግቤያለሁ። ነገ እኔ ራሴ ገብቼ ፊቷን አያለሁ። ውሸት ሆኖ ካገኘሁት ኮታውን ከናንተው ቤት እሞላዋለሁ።" ቡትስ ጫማው ከበሩ ራቀ።

አስፋው ስኳሩን መደቡ ላይ አስቀመጠ። ሊወጣ ሲል፣ ማንንም ሳያይ፣ "እናቴን ያውቃታል፤ ምሳውን የሚበላው ከኛ ቤት ነው" አለ። "እማማ ኡሙልኸይርንም ትናንት መንገድ ላይ ልብ ብሎ አይቷታል።" ከዚያ ሄደ። ሊረዳቸው ይሁን ለራሱ ፈርቶ፣ ወይም ነገ ከሃምሳ አለቃው ጋር ምን ሊል እንዳሰበ፣ አንዳቸውም አላወቁም።

ሃምሳ አለቃው የተናኜን ፊት ቀርቦ አይቶ አያውቅም፤ አራቱ ነገ አልጋው ላይ የማያውቀው ሰው ማስተኛት አለባቸው። ሌላ አሮጊት መጥራት ምስጢሩን ማስፋት ነው፤ በዚህ መንደር ደግሞ ለስድስተኛ ሰው የተነገረ ነገር ከማሽላው ይደርሳል። ወልደ ሚካኤል አልጋውን አየና አንገቱን ነቀነቀ። ቢተኛ እግሩ ከጉልበቱ በታች ወደ ውጭ ነው።

ሸረፈዲን ጋቢውን ከፍቶ ጥሩምባውን አወጣ። ተናኜ እንስራዋን ከምታሳርፍበት ጥግ አስቀመጠው። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ቁመቱ ከእሷ ጋር እኩል ነው፣ ክሳቱም እኩል ነው።

"ምላጭ አለሽ?" አላት ኡሙልኸይርን።

"ለምንህ?"

ጢሙን ጨበጠ። ሰላሁዲን ከተወሰደ ወዲህ በየዓርቡ ለጁምዓ በሂና ያቀላዋል፤ ልጁ ሲመለስ ከሩቅ እንዲለየው። ይህን ለማንም ነግሮ አያውቅም፤ ኡሙልኸይር ግን ሂናውን የምትበጠብጥለት እሷ ናትና ታውቃለች።

"ነገ ዓርብ ነው እኮ" አለችው፤ ድምጿ ተሰበረ። "ደግሞ አሁን በር ላይ አይቶሃል። ያውቅሃል፣ አያ ሸረፈዲን።"

"ያየው ጢሜን ነው" አለ። ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ አገጩን ቀና አደረገላት። ኡሙልኸይር ውሃ ልትቀዳ ተነሳች።